ከሐጂ ቃሲም ጋር ቴሌቪዥን የገዛሁበት ቅዳሜ

የሚስቴን አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀፍኳቸው ጎባ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ፣ በረዶ እየወረደብን ነው። ያኔ ሚስቴ ገና ሚስቴ አልነበረችም፤ እሳቸውም አማቴ አልነበሩም። ከታች ግቢው ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ያየናል፤ አንዳንዱ ወደ ሐኪም ቤት ሊወስደን የተዘጋጀ ይመስላል። እንዴት እዚያ ላይ እንደደረስን ልንገራችሁ። ነገሩ የጀመረው ከመሬት ነው።

ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሮቤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። የጎሮ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ከቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የመጀመሪያው እኔ ስለሆንኩ ከተመረቅኩበት ቀን ጀምሮ ዘመድ ሁሉ ግራ የገባውን ነገር ይዞ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። የላም በሽታ፣ የመሬት ወረቀት፣ የመድኃኒት አወሳሰድ፣ እንቢ ያለ ስልክ፤ «ጀማል ተምሯል፣ ጀማልን ጠይቁ» ነው። መጀመሪያ ላይ አላውቅም ማለት ስለሚያሳፍረኝ ዝም እል ነበር። ቆይቶ ጭንቅላቴን መነቅነቅ ጀመርኩ። ከዚያ «ቀላል ነው» ማለት ለመድኩ። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤታችን ማባዣ ማሽን ወረቀት እያኘከ ሲያስቸግር «ቀላል ነው» ብዬ ገባሁበት። ማሽኑ በማግስቱ በጭነት መኪና ሻሸመኔ ለጥገና ሄደ። እኔ ግን ያኔም ቢሆን «ድሮም ማሽኑ ነው» እያልኩ ነበር።

የዚያን ሰሞን የሚወራው አናሎግ ሊዘጋ ነው የሚል ነበር። የቴሌቪዥን ሥርጭት ወደ ዲጂታል ይዞራል፤ የድሮ ቴሌቪዥን ያለው ሰው መቀበያ ሳጥን መጨመር አለበት፤ አዲስ የሚገዛ ደግሞ ዲጂታል የሚቀበለውን መርጦ ይግዛ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሻይ ቤት ሲደርስ ግን ወሬው ሌላ ይሆናል። አንዱ «አናሎግ የተዘጋ ቀን የድሮው ቴሌቪዥን ይፈነዳል» ይላል፤ ሌላው «ዲጂታሉ ሰውን መልሶ ያያል፤ ሳይለብሱ ፊቱ መቀመጥ የለም» ይላል። እኔ ለሁለቱም ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ።

ዘሃራ ጎባ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ለሥልጠና ሮቤ መጥታ ተዋወቅን፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሴት ዓይኔ ገብታ አታውቅም። ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር የቀረኝ። ከዚያ ግን እግሬን ወደኋላ የሚጎትቱት አባቷ ሐጂ ቃሲም ነበሩ። ከእኔ በፊት የመጡ ሁለት ጠያቂዎችን ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን እንኳን ሳይጨርሱ መልሰዋቸዋል፤ አንዱን «ብዙ ያወራል» ብለው፣ ሌላውን «ጭራሽ አያወራም» ብለው።

ሐሙስ ዕለት ዘሃራ ደወለችልኝ።

«አባቴ ቅዳሜ ቴሌቪዥን ሊገዛ ሮቤ ይመጣል» አለችኝ።

«ጥሩ ነዋ።»

«የሚያውቅ ሰው አብሮት እንዲሆን ይፈልጋል። አንድ የማውቀው የሒሳብ መምህር አለ አልኩት።»

«ምን አለ?»

«ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ‹ይምጣ› አለ። ጀማል፣ ስለ ቴሌቪዥን ታውቃለህ አይደል?»

«ቀላል ነው» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ክፍሌ ውስጥ ያለው አንድ ሬዲዮ ነው። ቴሌቪዥን ኖሮኝ አያውቅም፤ ሻይ ቤት ካልሆነ በቀር አብርቼም አጥፍቼም አላውቅም። በእኛ አገር አማች ከሚስቱ አባት ፊት ሸሸት ይላል፤ አብሮ መብላትም ስም መጥራትም ያፍራል። እኔ ግን ገና አማች ስላልሆንኩ የምሸሽበት ምክንያት እንኳን አልነበረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሮቤ መናኸሪያ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ከጎባ ከመጣው ሚኒባስ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው በሒና የቀላ ሽማግሌ ካፖርታቸውን ሰብስበው ወረዱ። ጎባ ውስጥ የታወቁ የስንዴና የገብስ ነጋዴ ናቸው፤ ሲራመዱ መንገዱ የእሳቸው ይመስላል። ሮጬ ሄጄ እጃቸውን ሳምኩ።

«አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሀምዱሊላህ። ሐጂ፣ እርስዎስ?»

ስለ ወላጆቼ ጤና፣ ስለ ጎሮ ዝናብ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ከብቱ እየተጠያየቅን መንገዱን ተሻገርን። ከዚያ ድንገት ቆሙ።

«ዲጂታል ታውቃለህ አሉ።»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«እኔም በመጠኑ አውቃለሁ» አሉና ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

ሰውየው ያውቃሉ! ሊፈትኑኝ ነው የመጡት ማለት ነው።

የገባነው ሸምሱ የሚባል፣ ከስልጤ መጥቶ ሮቤ የከበረ ነጋዴ ሱቅ ነው። ግድግዳው ሙሉ ቴሌቪዥን ተደርድሯል፤ ሁሉም ላይ ያው ዓሣ ይዋኛል። ሸምሱ ሁለት አወረደልን።

«ይሄኛው ዲጂታሉ ውስጡ አለ፤ አንቴና ብቻ ነው የሚፈልገው። ያኛው ግን ሳጥን ይጨመርለታል። ሁለቱም የዱባይ ዕቃ ናቸው» አለ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር?»

ምን ላድርግ? ጎንበስ ብዬ የቴሌቪዥኑን ጀርባ አየሁ። ቀዳዳዎች አሉ፤ ቆጠርኳቸው። በጣቴ ፕላስቲኩን ኳ ኳ አደረግኩ፤ ሐብሐብ የምመርጥ ነበር የምመስለው።

«ቀዳዳው በቂ ነው» አልኩ።

ሐጂ በቀስታ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እኔም እሱን እያየሁ ነበር።»

ሸምሱ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየ።

«እና የትኛው ይሻላል?» አሉ ሐጂ።

«እሱ እንግዲህ… እንደ አየሩ ሁኔታ ነው፣ ሐጂ።»

«ትክክል!» አሉ ጮክ ብለው። «ጎባ ብርድ ነው። ሳጥን ውጭ ከሆነ ይበርደዋል። ዲጂታሉ ውስጡ ያለውን ስጠን።»

ሸምሱ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ጓዳ ገባ። ካርቶን ሊያመጣ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሊስቅ ነው የገባው። ሲመለስ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ሐጂ፣ ሰኞ የሚገጥም ልጅ ልላክልዎት፤ በነፃ ነው» አለ።

«መምህሩ እያለ?» አሉ ሐጂ ተቆጥተው።

«ምን ያስፈልጋል!» አልኩ እኔም። አፌን አንድ ሰው ቢመታልኝ ምን ነበረበት!

ከሱቁ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ ሐጂ ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው አቀፉት። ከፊታቸው ምንም አይታያቸውም፤ ከካርቶኑ በላይ ኮፍያቸው ብቻ ነው የሚታየው። ወደ ጎባ ሽቅብ ስንወጣ ጭጋጉ ወረደ። ተሳፋሪው ሁሉ ወሬ የፈለገው ግን ከካርቶኑ ነበር።

«ሐጂ፣ ዲጂታል ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዲጂታል ነው» አለ ካርቶኑ።

«ከአናሎግ በምን ይለያል?»

«አናሎግ ማለት… እንደ ጭስ ነው፤ ተንሳፍፎ ይመጣል። ዲጂታል ግን… መምህር፣ ጨርስላቸው።»

አሥራ ስድስት ዓይን ወደ እኔ ዞረ። «ዲጂታል… ተቆራርጦ ነው የሚመጣው» አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ደነገጡ። «የሰውየው ምስል ተቆራርጦ? ታዲያ ማን ይገጥመዋል?»

«ቴሌቪዥኑ ራሱ» አልኩ።

«ያ ረቢ!» አሉ። ሐጂ ከካርቶኑ ጀርባ «እንደሱ ነው፣ እንደሱ ነው» ይላሉ።

ጎባ ስንደርስ ሌላ ነገር ጠበቀኝ። የሐጂ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ከመስጊድ ጀማው፣ ከሠፈሩ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ዲጂታል ሊያይ መጥቷል። ሐጂ ራሳቸው ናቸው የጠሯቸው። ባለቤታቸው አዴ ሙሚና ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈዋል። ዘሃራ በር ላይ ቆማ በዓይኗ «እንዴት ነበር?» አለችኝ፤ እኔም በዓይኔ «ቀላል ነው» አልኳት። ዓይኔ ራሱ ይዋሻል።

ቴሌቪዥኑን አውጥተን አስቀመጥነው፤ የድሮውን አንቴና ገመድ ከጀርባው ሰካሁ። በራ። ሰማያዊ ሆነ። ሰው ሁሉ «ማሻአላህ!» አለ። ጠበቅን። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

«ይሄ ነው ዲጂታል?» አሉ አንድ አዛውንት።

«ይሞቅ፤ ገና ነው» አሉ ሐጂ።

ሪሞቱን አንስቼ አንዱን ጫንኩ። ጽሑፍ መጣ። ሌላውን ጫንኩ፤ ጽሑፉ ተለወጠ። ፈጠን አድርጌ ሦስት አራቱን ስጫን ጽሑፉ ሁሉ ዓረብኛ ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ መልስ የጠፋቸው አስተማሪዎች ሁሉ የሚያደርጉትን አደረግኩ፤ ጥፋቱን ወደ ውጭ ወሰድኩት።

«አንቴናው ነው» አልኩ። «መሰላል አምጡልኝ።»

ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ካፊያ ጀምሯል፤ ቆርቆሮው ያንሸራትታል። አንቴናው የታሠረበትን እንጨት አቅፌ ወደ ቀኝ አዞርኩ።

«መጣ?» ብዬ ጮህኩ።

«አልመጣም!» አሉ ከታች።

ወደ ግራ አዞርኩ። «አሁንስ?»

«አልመጣም!»

ስንት ጊዜ እንዳዞርኩት አላውቅም። ድንገት መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማሁ። ዞር ስል የሐጂ ነጭ ኮፍያ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ የቀላው ጢም፤ ቀጥሎ ካፖርቱ። አዴ ሙሚና ከታች «ኧረ ይወድቃል፣ ያዙት!» እያሉ ይጮሃሉ። ሐጂ በእጅና በእግራቸው እየዳሁ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ለጥቂት ጊዜ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«መምህር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እዚህ የወጣሁት ታች ሰው ስላለ ነው። ዱጋ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይሄን ነገር ታውቀዋለህ?»

«ቀላል ነው» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ቁልቁል አየሁ። ዘሃራ መሰላሉን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ወደ ላይ ታየኛለች፤ ሻርፗ ረጥቧል። አሁን ለዚህ ሰው ከዋሸሁ ዕድሜ ልኬን ስዋሻቸው መኖሬ ነው ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ፣ ሻይ ሳያስጨርሱ ከሚመልሱት ሦስተኛው እኔ ነኝ።

«ሐጂ፣ አላውቅም» አልኩ።

«ዲጂታሉን?»

«ዲጂታሉንም፣ አናሎጉንም፣ አንቴናውንም። ሱቅ ውስጥ ቀዳዳ የቆጠርኩት የምለው ጠፍቶኝ ነው። የአየር ሁኔታውም ውሸት ነው። ቤቴ ቴሌቪዥን የለኝም።»

ካፊያው ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እኔ ከመሰላሉ እስከ ግቢው በር ያለውን ርቀት በዓይኔ እየለካሁ ነበር።

«አልሀምዱሊላህ» አሉ ሐጂ።

«ምነው፣ ሐጂ?»

«እኔም አላውቅም።»

ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ የለበትም፤ ከትከሻቸው ላይ ኩንታል የወረደላቸው ሰው ይመስላሉ።

«ጀማው ፊት ‹ዲጂታልን እኔ አሳያችኋለሁ፣ ቅዳሜ ኑ› ብዬ አፌን ከፈትኩ» አሉ። «ልጄ ደግሞ የተማረ ሰው ላመጣልህ ነው አለችኝ። ይሄ ሽማግሌ እህል ከመስፈር ሌላ ምን ያውቃል እንዳትለኝ ፈራሁ። አንተ ቀዳዳ ስትቆጥር እኔ በልቤ፣ ‹ወይኔ፣ ቀዳዳም ይቆጠራል ለካ!› እያልኩ ነው።»

«ሐጂ፣ እኔ እኮ ሊፈትኑኝ የመጡ መስሎኝ ከጠዋት ጀምሮ እየተንቀጠቀጥኩ ነው!»

«ሳጥኑ ይበርደዋል ስል ለምን ዝም አልከኝ?»

«እውነት መስሎኝ!»

ሳቁ መጀመሪያ የመጣው በትከሻቸው ነው። ከዚያ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ሳቁ፤ ያን ያህል ቁመት ያለው ሰው እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። እኔም ለቀቅኩት። ካፊያው ወደ በረዶ ተለወጠ፤ ጎባ ነው፣ ሲለወጥ አያስጠነቅቅም። ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ይደበደብ ጀመር። ሐጂ «እንውረድ» ብለው ሊነሱ ሲሉ እግራቸው ከዳቸው፤ ዘልዬ አቀፍኳቸው፤ እሳቸውም አንገቴን አቀፉኝ፤ ሁለታችንም አንቴናውን ተደግፈን ቀረን። በረዶው ጭንቅላታችንን ይቀጠቅጠናል፣ እኛ እንስቃለን። ለማቆም ስንሞክር አንዳችን «ቀዳዳው በቂ ነው» እንላለን፤ እንደገና ይነሳብናል።

«ምን ነካቸው?» ይላሉ አዴ ሙሚና ከታች። «መብረቅ ነው እንዴ?»

ስንወርድ ሁለታችንም ተነክረናል። ሐጂ ሳሎን ገብተው ሰው ሁሉ ፊት ቆሙ፤ ከጢማቸው ውኃ ይንጠባጠባል።

«ጀማአ» አሉ። «እኔና መምህሩ ስለዚህ ቴሌቪዥን የምናውቀው ነገር የለም። ከጠዋት ጀምሮ እርስ በርስ ስንዋሻሽ ነው የዋልነው።»

ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው ዘሃራ ናት፤ ግድግዳ ይዛ ነው የቆመችው።

«አሁን እንግዲህ እንሞክር» አሉ ሐጂ። መነጽራቸውን አውጥተው ጠረጉና ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረቡ። ድንገት ቀጥ አሉ። «ቆይ፤ ይሄ እኮ ዓረብኛ ነው!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኩ።

«በልጅነቴ ኪታብ ቀርቻለሁ፤ ፊደሉ አይጠፋኝም። ቀስ በል፣ ላንብበው።» ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ከቀኝ ወደ ግራ ሄዱ። «ይሄ ‹ባሕስ› ይላል፤ ፍለጋ ነው። ከሥሩ ሁለት ነገር አለ። ‹ተናዙሪ›… ይህቺን አላውቃትም። ይሄኛው ‹ረቅሚ›። ረቀም ማለት ቁጥር ነው። የቁጥር፣ እንደማለት። ቁጥር ከቴሌቪዥን ጋር ምን ያገናኘዋል?»

የዚያን ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር በራ። ለአራት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት ቃል ነው!

«ሐጂ!» ብዬ ጮህኩ። «ዲጂት ማለት አኃዝ ነው! ቁጥር! ዲጂታል ማለት የቁጥር ማለት ነው! እሱ ነው፣ ረቅሚውን ይጫኑት!»

ሪሞቱን ከእጄ ወስደው ጫኑት። አንድ ቀጭን መስመር ከጥግ ተነስቶ መጓዝ ጀመረ። ትንፋሹን ያልያዘ ሰው አልነበረም። መስመሩ መሃል ደረሰ፤ አለፈ፤ ጥግ ደረሰ። ሰማያዊው ጠፋ። ከዚያ ምስል መጣ፤ ያለ በረዶ፣ ያለ ጥላ፣ ጠጉር የሚቆጠርበት ምስል።

የምግብ ዘይት ማስታወቂያ ነበር። አንዲት ልጅ ሽንኩርት ትጠብሳለች። ሃያ ሰው በአንድ ድምፅ «ማሻአላህ!» አለ። አዛውንቱ ዓይናቸውን አበሱ። አዴ ሙሚና ጠጋ ብለው አዩና «እሳቱን አብዝታዋለች» አሉ። ሐጂ እጄን ይዘው ወደ ላይ አነሱ፤ ማስታወቂያው እስኪያልቅ አልለቀቁኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ስነሳ ሐጂ በራሳቸው ካፖርት ጠቅልለው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። መንገድ ላይ ምንም አላሉም። ሚኒባሱ ሲመጣ ግን ክንዴን ያዙ።

«ሽማግሌ ረቡዕ ላክ» አሉኝ። «ሐሙስ ገበያ ነኝ።»

ክው አልኩ። «ሐጂ… አውቀው ነበር?»

«ቴሌቪዥን ነው እንጂ የማላውቀው፣ ልጄንማ አውቃታለሁ» አሉ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ «ኢልመኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ እስከ ሮቤ ብቻዬን ስስቅ ሰው ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ ረቡዕ ሄዱ፤ ሻያቸውን ጨረሱ፤ ሁለተኛም ተቀዳላቸው። ኒካሑ ከአዝመራ በኋላ ሆነ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቅዳሜ ሚስት ሰጠኝ ብዬ ብቻ ብተወው ግማሹን መደበቄ ነው። ሰኞ ክፍል ገባሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ከመጽሐፉ ወጣ ያለ ጥያቄ ጠየቀችኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። ድሮ ቢሆን ፊቷን የሚያስጠቁር ነገር ተናግሬ አስቀምጣት ነበር፤ ስንት ልጅ እንደዚያ አስቀምጬ ይሆን? ያን ቀን ግን «አላውቅም፤ ፈልጌ ነገ እነግርሻለሁ» አልኩ። በማግስቱ መልሱን ይዤ ስገባ አራት ተማሪዎች እነሱም ፈልገው መጥተው ጠበቁኝ። የአንደኛዋ ከእኔ ይሻል ነበር። ማስተማር የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ይመስለኛል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ማስፈራራት ነው።

እናንተም በየሱቁ፣ በየቢሮው ጭንቅላታችሁን እየነቀነቃችሁ የቆማችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ፤ ከፊታችሁ ያለውም ሰው ምናልባት እየነቀነቀ ነው። አንዳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ጣሪያ ላይ እስክትወጡ አትጠብቁ።

ባለፈው ወር ሐጂ ደወሉልኝ። ድምፃቸው አርጅቷል፤ ጉጉታቸው ግን ያው ነው።

«ጀማል፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ገዛሁ። ስለሱ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ሐጂ።»

«እኔም አላውቅም» አሉ፤ ሲስቁ በስልኩ ይሰማኛል። «በል ቶሎ ና፤ ሳንነካው አይምሽብን።»